ንዴትን መዋጥ ግፊት አያወርድም፤ ክኒንም አያስቆምም

ጥያቄ፦ “የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በካሸርነት እሠራለሁ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ካወቅሁ 3 ዓመት ሆኖኛል፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ታዞልኛል። ጠዋት ቤቴ ስለካ 132/84 አካባቢ ነው። ባለፈው ከአንድ ደንበኛ ጋር ከተጋጨሁ በኋላ ሮጥ ብዬ ጎረቤት ያለው ፋርማሲ ስለካ ግን 164/98 ሆነ። በቅርቡ መሥሪያ ቤታችን ስለ ስሜታዊ ብልህነት ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ‘ስሜቱን የሚገዛ ሰው ግፊት አይዘውም’ አለን። እኔ ደግሞ ቻይ ነኝ። ደንበኛ ሲሰድበኝ እንኳ ፈገግ ብዬ ዋጥ አደርገዋለሁ። ታዲያ ግፊቴ ለምን ይነሳል? ስሜቴን ከዚህ በላይ መግዛት ከቻልኩ ክኒኑን ማቆም እችላለሁ? ወይስ ራሴን ሲያመኝ ብቻ ብወስደው ይሻላል?”

መልስ፦ ክኒኑን አያቁሙ። ራስዎን ሲያምዎ ብቻ መውሰድም አይሠራም። አሠልጣኙ የነገራችሁም ልክ አይደለም። ስሜታዊ ብልህነት፣ ማለትም የራስንና የሌላውን ስሜት አውቆ በሚጠቅም መንገድ መምራት፣ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን የክኒንን ቦታ መተካት አይደለም። ፈገግ ብሎ መዋጥ ደግሞ ጭራሽ ስሜታዊ ብልህነት አይደለም።

ከአሠልጣኙ ንግግር ልጀምር፤ ብዙ ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ንግግር ነውና። ደም ግፊት የቁጡ ሰዎች በሽታ አይደለም። አብዛኛው አዋቂ የሚይዘው ደም ግፊት “ይኸው መንስኤው” ተብሎ አንድ ነገር የሚጠቆምበት አይደለም። ዘር አለበት። ዕድሜ አለበት። ጨው፣ ክብደት፣ መጠጥ፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ኩላሊት ጨውን የሚያስወግድበት አቅም፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ጭንቀትም ድርሻ አለው፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ዝምተኛና ረጋ ያለ ሰው በግፊት ሲያዝ፣ ነገር ቶሎ የሚያናድደው ጎረቤቱ ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል። “የያዘሽ ንዴታም ስለሆንሽ ነው” የተባለ ሰው ያፍራል። ያፈረ ሰው ክኒኑን ከባልደረቦቹ ይደብቃል፣ ቀጠሮውን ይዘላል፣ ሕመሙን እንደ ጠባይ ጉድለት ያየዋል። እርስዎ ግፊት የያዝዎት ስሜትዎን መግዛት ስላልቻሉ አይደለም። ይህን ጥርጣሬ ከራስዎ ያውጡት።

አሁን መስኮቱ ላይ የሆነውን እንይ። ሲስተም የለም። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። አንዱ ደንበኛ መስታወቱን እየደበደበ “እዚህ ተቀምጣችሁ ደሞዝ ትበላላችሁ” ይልዎታል። በዚያች ቅጽበት አንጎልዎ አደጋ መጣ ብሎ ነርቮችዎን ያነቃል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ በኃይልም ይመታል። ብዙዎቹ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠባሉ። ስለዚህ የላይኛው ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ 20 ወይም 30 ነጥብ ቢወጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይም ይወጣል። ነገሩ ሲያልፍ ይወርዳል። ልዩነቱ ግፊት ያለበት ሰው የሚነሳው ከፍ ካለ ቦታ መሆኑ ነው። የደም ሥሮቹም ብዙ ጊዜ ደርቀዋል፤ እንደ ድሮው አይለጠጡም። ስለዚህ ያው ንዴት እርስዎን ከሌላው ሰው የበለጠ ከፍታ ላይ ያወጣዎታል።

ፋርማሲ የተለኩት 164/98 የእርስዎ ትክክለኛ ቁጥር ነው ብዬ አልወስደውም። ሮጥ ብለው ነው የሄዱት። ገና ከጠብ እንደወጡ ነው። ምናልባትም እየተለኩ ለፋርማሲስቷ የሆነውን እያወሩላት ይሆናል። ማውራት ብቻውን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በሽንት የሞላ ፊኛም እንዲሁ ያደርጋል። እግርን ማነባበር፣ ክንድን አንጠልጥሎ መያዝ፣ መለኪያውን በሹራብ ላይ መጠቅለል፣ ለወፍራም ክንድ ትንሽ መጠቅለያ መጠቀም፣ እነዚህም ቁጥሩን ያዛባሉ። በትክክል ለመለካት 30 ደቂቃ ያህል ቡና ሳይጠጡ መቆየት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አሳርፎ 5 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ያስፈልጋል። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል። መሣሪያው የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ይህን ማለቴ ግን ቁጥሩን ይጣሉት ማለቴ አይደለም። ሐኪም ፊት ብቻ ግፊቱ የሚጨምር ሰው እንዳለ ብዙ ሰው ሰምቷል። ተቃራኒውም አለ። ክሊኒክ ሲለካ ደህና የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ግን ከፍ ብሎ የሚውል ሰው አለ። ይህ የተደበቀ ግፊት ይባላል። ልብ፣ ኩላሊትና አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከግልጹ ግፊት ብዙ አይተናነስም። እርስዎ ቤት የሚለኩት 132/84 ከወሰኑ ብዙም የራቀ አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ ወሰኑ 140/90 ሲሆን ቤት ውስጥ ሲለካ 135/85 ነው። እርስዎ ከዚያ በታች ያሉት በጥቂት ነጥብ ነው፤ ያውም በጠዋቱ፣ መስኮቱ ጋ ሳይደርሱ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ “ያኔ ለምን ተነሳ?” ሳይሆን “ሥራ ላይ ስውል በአማካይ ስንት ነው?” የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በአንድ ልኬት ማወቅ አይቻልም።

ክኒኑን “ሲያመኝ ልውሰደው” የሚለው ሐሳብ በጣም የተለመደ ነው። ስህተትነቱ ግን ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛ፣ ራስ ምታት ግፊትን አይነግርዎትም። አብዛኛው ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ለዓመታት ምንም አይሰማውም። ብዙው ራስ ምታት ደግሞ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከረሃብ፣ ከአንገት መወጠር ወይም ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ አምሎዲፒን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። በየቀኑ ሲወሰድ ሙሉ ኃይሉ የሚደርሰው 1 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ዛሬ ተናድደው ዛሬ ቢውጡት ለዛሬው ንዴት አይደርስልዎትም። ሲያቆሙትም ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑን ያቆማል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይለካል፣ ደህና ሆኖ ያገኘዋል። “ያለ መድኃኒትም ደህና ነኝ” ብሎ ይረሳዋል። ደህና ያደረገው ግን ሰውነቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነው። ሳምንት ሲያልፍ ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚለካው የለም።

ማቆም የፈለጉበት ሌላ ምክንያት ካለም ይናገሩት። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ ፊትም ያግላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው እብጠቱ ማታ ላይ ይብሳል። እንዲህ ከሆነብዎ መፍትሔው ለሐኪምዎ መንገር ነው። መጠኑ ይስተካከላል ወይም በሌላ መድኃኒት ይቀየራል። ዝም ብሎ ማቆም ግን መፍትሔ አይሆንም።

ወደ ስሜታዊ ብልህነት ልምጣ። ሐሳቡን ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያቀርቡት ያነሱት ችሎታዎችን ነው። የራስን ስሜት በጊዜው ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት ማንበብ፣ ስሜቱ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መረዳት፣ ከዚያም በሚጠቅም መንገድ መምራት። እዚህ ውስጥ “ዋጥ አድርጊው” የሚል የለም። እንዲያውም ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎችን የሚረብሽ ፊልም እያሳዩ “ፊታችሁ ላይ ምንም እንዳይታይ” ብለው ሞክረውታል። ሰዎቹ ፊታቸው ተረጋግቷል። የውስጥ ነርቮቻቸው ግን አልተረጋጉም፤ እንዲያውም የበለጠ ተነቃቅተዋል። ከውጭ የሚያይዎት ሰው “እንዴት ያለች ታጋሽ ናት” ይላል። ልብዎ ግን በጠብ ውስጥ እንዳለ ሰው እየመታ ነው።

በእኛ አገር ቻይነት ትልቅ ክብር ያለው ነገር ነው፤ በተለይ ለሴት። ይህን ክብር ማንቋሸሽ አልፈልግም። ነገር ግን ችሎ ማለፍና ውጦ መያዝ ሰውነት ውስጥ አንድ ዓይነት አይደሉም። ችሎ ያለፈ ሰው ነገሩ አልፎለታል። የዋጠ ሰው ነገሩን ይዞት ቤቱ ይገባል። ወጥ እየሠራ ለደንበኛው ያልመለሰውን መልስ በልቡ ይመልሳል። ሌሊት ይነቃል። የተናደዱበትን ነገር እንዲህ እየደጋገሙ ማሰብ ግፊት ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። በ10 ደቂቃ ማለቅ የነበረበት ነገር ሰዓታት ይፈጃል። ተቃራኒውም አያዋጣም። “ጮኸሽ ይውጣልሽ” የሚል ምክር ይሰማሉ። መጮህ ንዴትን ያባብሳል እንጂ አያበርድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምልክቱን በጊዜ ይያዙ። ሰው ሁሉ ንዴት ሲጀምረው ሰውነቱ ላይ አንድ ቦታ ያሳብቃል። ጥርስ ይነከሳል፣ ጆሮ ይግላል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ብር የሚቆጥር ጣት ይፈጥናል። የእርስዎ የት እንደሆነ ለጥቂት ቀናት ያስተውሉ። ከዚያ በልብዎ በስሙ ይጥሩት፦ “ተናድጃለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ አይደለም።” ወይም “ፈርቻለሁ፤ ቆጠራው እንዳይጎድልብኝ።” እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ስሜቶች ናቸው፤ የሚፈልጉት ነገርም የተለያየ ነው። ፈርተው ከሆነ የሚያስፈልግዎ ቀስ ብሎ መቁጠር ነው። ተናድደው ከሆነ የሚያስፈልግዎ ነገሩን በሌላ በኩል ማየት ነው።

በሌላ በኩል ማየት ስል እንዲህ ነው። መስታወቱን የሚደበድቡት አባት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡ ቢሆኑስ? የቡና ገንዘባቸው እርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የመመለሻ ጀልባው ሊሄድ ነው። ካመለጣቸው ባሕር ዳር ማደር አለባቸው፤ ማደሪያ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። የሚጮኹት እርስዎ ላይ አይደለም፤ ሰዓቱ ላይ ነው። ይህን ማሰብ ስድቡ ልክ ነበር ማለት አይደለም። አንጎልዎ “ተጠቃሁ” ከሚል “ሰው ተቸግሯል” ወደሚል ሲዞር ግን ሰውነትዎም አብሮ ይዞራል። ከዚያ አፍዎ የሚለው ይቀየራል። “ሲስተም የለም አልኩ እኮ!” ከማለት “አባባ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?” ይላሉ። ቀጥሎም የሚያውቁትን ብቻ ይንገሯቸው፦ “መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እንደተመለሰ ግን እጠራዎታለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ።” የሚሳደብ ሰው ሲሆን ደግሞ ወሰን ማበጀት ይችላሉ፦ “ልረዳዎት እፈልጋለሁ። እየሰደቡኝ ግን መሥራት አልችልም። ሥራ አስኪያጁን ልጥራልዎት።” ይህን በተረጋጋ ድምፅ መናገር መዋጥም አይደለም፣ መጮህም አይደለም።

ትንፋሽም ይረዳል። በ4 ሰከንድ አስገብተው በ6 ሰከንድ ያስወጡ። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ማለት ነው። በምሳ ሰዓት 5 ደቂቃ ቢያደርጉት ልብ ይረጋጋል፤ በየቀኑ ሲለመድ ግፊትንም በጥቂቱ ያወርዳል። ማዞር ከጀመረዎት አተነፋፈስዎን አጥብቀዋል ማለት ነው፤ ይተዉትና እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ ጤናን የሚጎዳ ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ከባድ ጫና ያለበትና ሠራተኛው በራሱ የሚወስነው ነገር የሌለበት ሥራ ነው አለ። የካሸር መስኮት ይህንኑ ነው። ሰልፉን እርስዎ አልፈጠሩትም። ኔትወርኩን እርስዎ አያስተካክሉትም። ጉድለት ከመጣ ግን ከኪስዎ ይከፈላል። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ተተኪ ይፈለጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሠራተኛን ሰብስቦ “ስሜታችሁን ግዙ” ማለት ብቻውን ፍትሐዊ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ በገዳም የሚኖሩ ሴት መነኮሳትን ለ20 ዓመት ተከታትለው ከገዳም ውጪ ከሚኖሩ ሴቶች ጋር ያነጻጸሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት አለ። የውጪዎቹ ግፊት ከዕድሜ ጋር ሲጨምር የመነኮሳቱ ብዙም አልጨመረም። አንድ ጥናት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ግን የምንውልበት ቦታ ከጠባያችን ባልተናነሰ እንደሚቆጠር ያሳያል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጅዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሲስተም ሲቋረጥ ለሰልፈኛው የሚናገር ሌላ ሰው ይመደብ። ካሸሮች በየተራ 10 ደቂቃ ይረፉ። የቀን መዝጊያ ቆጠራ ደንበኛ በሌለበት ይሁን። ከባድ ወጪ የለባቸውም። ለብቻዎ ከሚጠይቁ ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ቢያደርጉ ግፊትዎ ስንት ይወርዳል? ተስፋዎን አላጋንነውም። ስሜታዊ ብልህነትና ደም ግፊትን የሚያገናኙት ጥናቶች አብዛኞቹ በመጠይቅ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ አብረው እንደሚታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያሳዩም። ጭንቀትን የሚቀንሱ ልምምዶች የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ነው። አንድ ክኒን በመደበኛ መጠኑ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ወደ 10 ነጥብ ያወርዳል። ክብደት ካለ 1 ኪሎ መቀነስ 1 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ትልቁ የስሜት ብልህነት ጥቅም በተዘዋዋሪ የሚመጣው ነው። ነገሩን መስኮቱ ጋ ጨርሳ የሄደች ሴት ትተኛለች፣ ክኒኗን አትረሳም፣ በብስጭት ምሳ አትዘልም። ወንዶቹ ጋ ደግሞ “ልርሳው” ተብሎ የሚጠጣው አረቄና የሚቃመው ጫት ይቀንሳል። ጫት ግፊትን በቀጥታ ከፍ ያደርጋል።

ጨውን በተመለከተ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመከራል፤ ይህም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። እኛ ቤት ችግሩ ጨው ሦስት ጊዜ መግባቱ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ምጥን ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ወጡ ሲወጣ እንደገና ይጨመራል። ይህን የመጨረሻውን ይተዉት። የጣና ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፤ በጨው ታሽቶ በዘይት ከሚጠበስ ግን ለብ ለብ ያለ ወጥ ወይም ጉላሽ ይሻላል። ከሥራ ሲወጡ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሐይቁ ዳር 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ይሠራልዎታል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለራስ ምታት ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደጋግመው አይውሰዱ፤ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። “የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ምንድን ናቸው?” ሲባሉ እነዚህንና የወሊድ መቆጣጠሪያን ጨምረው ይናገሩ። ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ክኒኑን አይዝለሉት። አምሎዲፒን በቀን 1 ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ወደ ማታ ማዞር ይችላሉ። ጠበል ከሄዱም ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ። ጸሎትና ክኒን አይጣሉም፤ አንዱን ለሌላው ብለው የተዉ ሰዎች ግን በስትሮክ ሲመጡ እናያለን። ግፊትዎ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ 5 ደቂቃ ዐርፈው እንደገና ይለኩ። ካልወረደ በዚያው ቀን ክትትል ክፍል ይደውሉ ወይም ይሂዱ። ክኒን ደራርበው ግን አይዋጡ።

የምመክርዎ ይህን ነው። ከነገ ጀምሮ ክኒኑን በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ሲወስዱና ሲተዉ ከነበረ መጀመሪያ 2 ሳምንት ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ከዚያ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለኩ። በሥራ ቀናት በምሳ ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል ገብተው፣ 5 ደቂቃ ዐርፈው አንድ ጊዜ ይጨምሩ። ከጠብ በኋላ ሮጠው መለካቱን ያቁሙ፤ ከማስፈራራት በቀር የሚጠቅመው የለም። በየቁጥሩ ጎን የተኙበትን ሰዓትና የቀኑን ሁኔታ በአጭሩ ይጻፉ፦ “ሲስተም ጠፍቶ ዋለ”፣ “ጉድለት መጣ”፣ “ሰላም ነበር”። የሥራ ቦታው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የቤቱ ጥሩ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ መጠናከር ያስፈልገው ይሆናል። በተቃራኒው ክብደትና ጨው ቀንሶ፣ ቁጥሩ ለወራት ዝቅ ብሎ ከቆየ መጠኑን የመቀነስ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ያን የሚወስነው ግን ቁጥሩን ያየ ሐኪም ነው። በጤና ጣቢያም ቢሆን፣ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ክትትል ባለዎት ቦታ ደብተሩን፣ የክኒኑን ማሸጊያና ቤት ያለውን መለኪያ ይዘው ይሂዱ፤ መለኪያው ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን ይፈተሻል። ቀጠሮዎ ከ1 ወር በላይ ከራቀ ቀኑን አይጠብቁ።